ለሚካኤል የተሰጠው የአባቴ ወረቀት

አባቴ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ወባ ይዞት ነበር። ሰቆጣ ዳር ባለችው ቤታችን መደቡ ላይ ተኝቶ ሲንቀጠቀጥ እናቴ የሸራ ቦርሳውን ፈታች። ከልብሶቹ ሥር ማኅተም ያለበት ወረቀት አገኘች። እናቴ ማንበብ አትችልም። ማኅተሙን ስታይ ወረቀቱ አባቴን መልሶ ለጦር የሚጠራው መሰላት።

"እንዲህ ያለ ወረቀት ነው የወሰደብኝ" አለች።

"በሕይወት ከመለስክልኝ ዳግም ጠመንጃ አይነካም" ብላ ለሚካኤል ተስላ ነበር። በማግስቱ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

"መልአኩ ይያዘው፤ እኔ ቤት ካለ ይመጡበታል" ብላ ለቄሱ ሰጠች።

ቄሱ ዓይናቸው ደክሟልና ወደ እኔ ዘረጉት። "አንቺ ተማሪዋ፣ ምን ይላል?"

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። አነበብኩት። አባቴ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎ መሰናበቱን ነው የሚናገረው። መጥሪያ የሚመስል ነገር የለበትም። ግን እኔ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ አጠገባችን ሌሎች ሴቶችም ቆመው ነበር። "የወታደር ወረቀት ነው" ብዬ አቀረቀርኩ። ቄሱ ዕቃ ቤት አስገቡት። ስንመለስ እናቴ መንገዱን ሁሉ ታንጎራጉር ነበር።

ሁለት ክረምት አለፈ። እኔም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ዋልኩ። አንድ ቅዳሜ የአባቴ የምሽግ ጓደኛ ከገበያ ሲመለስ ጎራ አለ።

"ፖሊስ አዲስ ሰው እየመዘገበ ነው" አለው ጠላውን እየጠጣ። "ወታደር የነበረ ሰው ከገባ ያ ዘመኑ ለጡረታው ይቆጠርለታል ተብሏል። ዘጠኝ ዓመትህ ሜዳ ላይ አይቀርም።"

"ማሳዬን ለማን ልተው?"

"የትኛው ማሳ? ያ ድንጋይ? ድንጋይ ወልዶ ሊጦርህ ነው?"

አባቴ ሳቀ። ከተመለሰ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ምስር ትለቅም የነበረችው እናቴ እጇ ቆመ።

"ምዝገባው እስከ ዓርብ ነው። የስንብት ወረቀትህን ይዘህ ና" ብሎት ሄደ።

አባቴ ወረቀቱን አራት ቀን ፈለገ። ቦርሳውን ገለበጠ፤ ጎተራው ሥር ሳይቀር አየ። እናቴን "አላየሽውም?" ሲላት "እኔ ምን አውቄ" ትለዋለች። ሐሙስ ጠዋት ደጅ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ዘጠኝ ዓመት የት ነበርክ ቢሉኝ ምን እላለሁ?" አለኝ። "የሞቱት እንኳ ወረቀት አላቸው።"

"ወረቀቱ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው" አልኩት።

እናቴን ጠርቶ ሦስታችንም ሄድን። ቄሱ ወረቀቱን አወጡና በእጃቸው ያዙት። "የስለት ዕቃ ያለ ሰጪው ፈቃድ አይወጣም" አሉ፤ እናቴን እያዩ።

"የተሰናበትኩበት ወረቀት እኮ ነው" አላት አባቴ። "በዚህ ማንም አይጠራኝም።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። በአፍ መፍቻችን በኽምጣና ጠየቀችኝ።

"እንዲህ ነው የሚለው?"

"አዎ።"

"ያን ጊዜም እንዲህ ይል ነበር?"

"አዎ።"

"የለቀቀውን ወረቀት ነው ለካ የደበቅሁት" አለች። ከዚያ ለቄሱ "ይስጡት" አለቻቸው። ስለቱስ ቢሏት "ዕዳው በእኔ ይሁን" አለች።

አባቴ ዓርብ ተመዘገበ። ሥልጠናውን ጨርሶ ኒሯቅ ከተማ ተመደበ፤ ዘጠኙም ዓመት እንደተቆጠረለት ጽፎልናል። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ እፎይ ብላ የተኛችው እኔ ዝም ስላልኩ ነበር። ያን ቀን ነግሬያት ቢሆን አባቴን በምን ታስቀረው እንደነበር አላውቅም፤ ቢያንስ በባዶ ተስፋ አትተማመንም ነበር።

አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ግን ከኒሯቅ ደብዳቤ ሲመጣ ነጠላዋን ትለብስና ባለሱቁ ጎረቤታችን ዘንድ ወስዳ ታስነብባለች። እኔ ደጅ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

"ምን ይላል?" እላታለሁ ስትመለስ።

"ደህና ነው" ትለኛለች፤ ወረቀቱንም አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ትከተዋለች።