የፕሮክተሯ ፊርማ

ሰሎሜ በሆሳዕና በአንድ ኮሌጅ የሴቶች ማደሪያ ፕሮክተር ሆና ስትቀጠር፣ የሌሞ ገጠር ዘመዶቿ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቋት። ቃሉን በሀዲይኛም በአማርኛም ብትፈልግ አላገኘችውም። ቁልፍ ያዥ ነኝ አለቻቸው። ለቁልፍ ይህን ያህል መኩራት ምን አመጣው ብለው ሳቁባት።

ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልነበራትም። አሥራ አራት ዓመት ደረጃው ሥር ባለች ክፍል የሰው ልጅ ስትቀሰቅስ፣ ስትቆጣና ስትቆጥር ኖረች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሏታል ዘመዶቿ፤ እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪውን አጵሎስን ስለ ቃሉ ጠየቀችው። መቼም አስተማሪን አንድ ከጠየቁት አሥር ነው። ከላቲን መምጣቱን፣ ጥንት የሰውን ጉዳይ በውክልና ይዞ ችሎት ለሚቆም ሰው ይነገር እንደነበር፣ ኋላ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ ተቆጣጣሪ ሹም እንዳዋሉት፣ ሌላ አገር ደግሞ ፈተና ጠባቂ ማለት እንደሆነ ዘረዘረላት። ሥሩ ግን ስለ ሌላው ሆኖ መንከባከብ ነው አላት። ሰሎሜ ሌላውን ሁሉ ትታ ይህችን ብቻ ይዛ ገባች።

ከተማሪዎቹ አንዷን፣ የዱራሜዋን ሊዲያን፣ በሦስተኛ ዓመቷ ታይፎይድ ጣላት። እናቷ የደም ግፊት ስላለባት እንዳይነገራት ሊዲያ ለመነች፤ ሰሎሜም ቃል ገባችላት። ሦስት ሳምንት አጥሚት ስታጠጣት፣ ልብሷን ስታጥብላት ከረመች። ልጅቷ በትኩሳቱ መሀል «እማዬ» ብላ ጠራቻት። ያስባላት ትኩሳቱ ነው፤ ሰሎሜ ግን ቢሆንም ደስ አላት።

ተመራቂ ሲወጣ ፍራሽና ቁልፍ መልሶ ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት፣ ክሊራንስ፣ ያስፈርማል። በምረቃው ማግስት ሕንፃው ባዶ ሊሆን ሲል፣ የሊዲያ ጓደኛ ፈሪዳ የራሷን አስፈርማ የሊዲያንም ወረቀት ዘረጋች። እናቷ ልትወስዳት መጥታለች፤ መናኸሪያ መኪና እንዳያመልጣቸው ቸኩለዋል አለች። ፍራሹም ቁልፉም ተመልሷል፤ የጎደለ ነገር የለም። ሰሎሜ ግን «ራሷ ትምጣ» አለች።

እውነቱን ለመናገር የፈለገችው መሰናበት ነው። እናቲቱም ልጄን ያስታመመችልኝ ይህች ናት እንድትል። ይህን በፊርማ ማስገደድ እንደማይገባ ታውቃለች፤ ያም ሆኖ ነጠላዋን ቀይራ በሩ ላይ ቆመች።

ሊዲያ ፊቷን አጥቁራ ከእናቷ ጋር መጣች። እናቲቱ ይህች ማን ናት ብላ በከምባትኛ ጠየቀች። ሰሎሜ ከገበያ የለቀመቻት ከምባትኛ ለዚህ ትበቃ ነበር።

«ፍራሽ የምትቆጥረው ናት» አለች ሊዲያ።

ለክፋት አይደለም፤ የደበቀችው ሕመም እንዳይወጣባት ፈርታ ነው። ዓይኗም እንዳይነግሩብኝ እያለ ይለምናል። ሰሎሜን ግን አመማት። አጎንብሳ ፈረመች።

እናቲቱ ወረቀቱን ተቀብላ በአማርኛ ወደ እሷ ዞረች። «እህቴ፣ ይህች ልጅ ለኔ አትናገርም። እዚህ ስትኖር አሟት ያውቃል?»

ሰሎሜ ከዚያ ሕመም ጀምሮ ስትጠብቀው የኖረችው ጥያቄ ይህ ነበር። ቀና ብላ ሊዲያን አየቻት።

«ራሷን እንኳ አሟት አያውቅም» አለች።

እናቲቱ ጌታ ይመስገን ብላ የልጇን እጅ ይዛ ሄደች። ሕንፃው ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረምና፣ ሰሎሜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።