እትዬ ተመሳሳይ እና የወንድሟ ዜና

ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ ተመሳሳይ» ነው የሚሏት። ሥራዋ የዜና አርታኢነት ነው። አርታኢ ሲባል ሰው ነጠላ ሰረዝ ስትለቅም የምትውል ይመስለዋል። እሷ ግን ጥይት በማይነጥፍበት በዚያ ዘመን ዋና ሥራዋ ለሞት ቃል መፈለግ ነበር።

የጣቢያው ሕግ ደረቅ ነው። አንድ ቃል በአንድ የዜና ሰዓት ሁለቴ አይነገርም፤ አድማጭ ይሰለቻላ! መጀመሪያ «ተገደሉ» ከተባለ ቀጥሎ «ሕይወታቸው አለፈ»፣ ከዚያ «ለኅልፈት ተዳረጉ» ይባላል። ጠንከር ያሉትንም በየደረጃቸው ታውቃቸዋለች። ብዙ ሰው ሲያልቅ «ፈጁ»፣ መሸሻ ያጣ ሕዝብ ሲሆን «ጨፈጨፉ»፣ አስረው አቁመው ሲተኩሱ «ረሸኑ»። «አረዱ» የሚለውን ግን አንድ ቀን አሳልፋው አታውቅም፤ «ቤት ውስጥ ልጅ አለ» ትላለች። ዜና አንባቢ ቃል ሲደግም ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ ቆማ በእርሳሷ ኳ ኳ ታደርጋለች። ድምፁ ግድግዳ የሚያነቃንቀው አንባቢ፣ ነጎድጓዱ የሚሉት፣ ያን ኳኳታ ከመፍራቱ የተነሳ ወረቀቱ ላይ የተደገመ ቃል ካየ ምላሱ ላይ እያለ ይቀይረዋል። እሷ ናት ያሠለጠነችው፤ በሱ ስትኮራ ለጉድ ነው።

ሞት መቼም የሰው ቤት ብቻ እያንኳኳ አይኖርም። ታናሽ ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከድልድዩ ማዶ ታጣቂዎች አስቆሙት፤ እሱንም ረዳቱንም እመኪናው ውስጥ እንዳሉ በጥይት ደበደቧቸውና መኪናውን ወደ ገደሉ ለቀቁት። ታች ደርሶ ነደደ። ከኋላ ይመጣ የነበረ ሌላ ሾፌር ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ሁሉንም አይቷል፤ ለእናታቸው እያለቀሰ የነገራትም እሱ ነው። ሰፈሩ ግን የሰማው የተቃጠለ መኪና መገኘቱን ብቻ ነው። የሰው አፍ መቼ ይዘጋል? «ሲበር ነው የሚነዳው»፣ «ቀምሶ ይሆናል» ተባለ።

«ልጄ ጠጥቶ አልሞተም» አለች እናትየው። «ገድለውታል። አንቺ ሬዲዮ ቤት ተቀምጠሽ ወንድምሽ ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር?»

እትዬ ተመሳሳይ እንባዋን ጠርጋ ጫማዋን አጠለቀች። ቢሮ ስትገባ አለቃዋ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እንዴ እህቴ፣ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ሐዘን ላይ አይደለሽም እንዴ?»

«የወንድሜን ዜና ልጽፍ።»

«ነገሩ ገና አልተጣራም እኮ። ለጊዜው ‹ሕይወታቸው አለፈ› ብንልስ?»

«አይባልም! ሕይወቱ በገዛ እግሯ አልሄደችም!»

ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ፈሪ ብቻ ነው። ብዙ ከተሟገቱ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈቀደላት፤ የገዳይ ማንነት አይጠቀስም፣ የሟችም ስም አይጠራም። «ከድልድዩ ማዶ አንድ የጭነት መኪና ሾፌርና ረዳቱ ተገደሉ» ብላ ጻፈች። ያላት ነገር ሁሉ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ነበረች። ድሮ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት አፏ ላይ አታጣውም ነበር። ያን ቀን ወደ እናቷ ስትመለስ ግን ይህን ያለው ሰውዬ ወልዶ አያውቅም አለችና በልቧ ረገመችው።

ማታ እናትየው ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። «ኑና በጆሯችሁ ስሙ» አለቻቸው። ሳሎኑ ጢም አለ፤ ሬዲዮኑ መሐል ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ነጎድጓዱ ጀመረ። «በሰሜኑ ወረዳ ሦስት ገበሬዎች ተገደሉ» ሲል እትዬ ተመሳሳይ ቃሏ እንደተወሰደባት ገባት። መስታወቱ ሩቅ ነው፤ እርሳሱም የለ። ነጎድጓዱ ለአንዲት አፍታ ትንፋሹን ሰበሰበና ቀጠለ።

«ከድልድዩ ማዶ አንድ የጭነት መኪና ሾፌርና ረዳቱ ሕይወታቸው አለፈ።»

ቀጥሎ የአየር ጠባይ ተነገረ።

«አይ፣ ነፍስ ይማር» አሉ አንድ ሽማግሌ ከጥግ። «መገልበጥ ነው ለካ።»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እናትየው ልጇን ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?»

«ተገደሉ ብዬ ነው የጻፍኩት እማ። አንባቢው ነው የቀየረው።»

«ለምን?»

ለእናት ይህ እንዴት ይነገራል? «ቃሉ ከላይ ለገበሬዎቹ ተብሎ ነበር» አለች። «ሁለቴ አይባልም። እኔው ነኝ እንዲያ ያስተማርኩት።»

«ለኔ ልጅ ሲደርስ አለቀ በይኛ!»

እትዬ ተመሳሳይ እዚያው ጓዳ ቆማ አለቃዋ ጋ ደወለች፤ ለመነችው። አዘነላት። ነገር ግን የተነገረ ዜና አይደገምም፤ ይህም ሕግ ነው። ስልኩን ዘግታ ወደ ሳሎን ተመለሰችና ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ወዲያው አንዲት የሩቅ ዘመድ በሩን ከፍታ እየጮኸች ገባች። እናትየውን አቅፋ ብዙ ካለቀሰች በኋላ «ምን አገኘብኝ? ምን ሆኖብኝ ነው ልጄ?» ብላ ጠየቀች። እናትየው የሬዲዮ ቤቷን ልጇን አንዴ ቀና ብላ አየቻትና አቀረቀረች።

«መኪና ተገልብጦበት ነው» አለች።