የመድኃኒት ሳጥን

በነፋስ ስልኩ ትምህርት ቤት ከአፀደ ጋር ጠረጴዛ የሚጋራው አዲሱ የሒሳብ መምህር ያንገሸግሻታል። ልጆቹን ስለ ጠጣር ቅርጾች የሚያስተምረው ሽሮፕ በፈሰሰበት የመድኃኒት ሳጥን ነው። መጣበቂያውን ፈልቅቆ ሰሌዳው ላይ ይዘረጋውና «ስድስቱም ፊቶች ይኸው» ይላል። መልሶ ሲያጥፈው ደግሞ የደረቀውን ሽሮፕ በምላሱ አርሶ ያጣብቀዋል። ልጆቹም እሱን አይተው መላስ ጀምረዋል። ኮቱ ሳይቀር ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል።

አንድ ቀን አላስችል ብሏት ንጹሕ የሳሙና ካርቶን አመጣችለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። እኛ ቤት የመድኃኒት ሳጥን መች ይጠፋል» ብሎ መለሰላት።

ደግሞ ኩራቱ ብላ ካርቶኑን መሳቢያዋ ውስጥ ወረወረችው።

ሳምንት ጠፍቶ ትናንት ጥቁር ለብሶ፣ ባዶ እጁን መጣ። አፀደ ጠረጴዛውን እየወለወለች ነበር።

«እህቴ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ያ የሳሙና ካርቶን አለ?»