ወደ አረንጓዴ የሚሸሽ ሰማያዊ

የሞላሌዋ አመተሥላሴ በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለማስተርስ ኬሚስትሪ ስትማር፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን ስክሪን የሚሆን የካርቦን ውህድ ለመሥራት ተነሣች። ቀዩና አረንጓዴው ውጭ አገር ተሳክተዋል፤ አስቸጋሪው ሰማያዊው ነበር። እሷም መስታወት ላይ የቀባችው ውህድ ሰማያዊ ይበራና፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው አረንጓዴ ይሆንባታል።

ዓመቱ ሲያልቅ አማካሪዋ ዶክተር በዕውቀቱ አረንጓዴውን እንደ ውጤት ጽፋ እንድትመረቅ መከሯት። ለእሷው አስበው ነው።

«ሰማያዊ እሠራለሁ ብዬ አረንጓዴ አላስረክብም» አለቻቸው።

የትምህርት ጊዜዋ አለቀ። ሳትመረቅ መሐል ሜዳ ከተማ ገብታ ማስተማር ጀመረች። ወሬው ሞላሌ ደረሰና አባቷ መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ሊጠይቋት መጡ። ሰው ወደቀች እያለ መሆኑን፣ ነገሩን ብትተወው እንደሚሻል ነገሯት።

«ይበል፣ አባዬ። ውህዱ አይደለም ጥፋተኛው። በደንብ ያላጠራሁት እኔ ነኝ።»

መሪጌታ አንዲት ዜማ እስክትቃና ድረስ ተማሪያቸውን ሳምንት ሙሉ የሚያስደግሙ ሰው ናቸው።

«እንግዲያማ ደግሚው» አሉና ተነሡ።

እሷም የድሮ ደብተሮቿን ገልጣ አንድ ነገር አየች፦ መነሻው ኬሚካል አንዴ ብቻ የተጣራበት ሙከራ ሁሉ ፈጥኖ አረንጓዴ ሆኗል። ክረምት ሲገባ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወረደች። ዶክተር በዕውቀቱ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሰጧት። ኬሚካሉን እያሟሟች፣ እያቀዘቀዘች፣ መልሳ እያረጋች አራት ጊዜ አጠራችው። ግማሹ በእጇ አለቀ፤ የቤተ ሙከራው ሰዎች ብክነት ነው ብለው አጉረመረሙ። በቀረው የሠራችው ግን ከጧት እስከ ማታ ሰማያዊ ሆኖ በራ። በማግስቱም እንደዚያው። አረንጓዴው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው።

ዘግይታም ቢሆን ተፈቅዶላት የመመረቂያ ጽሑፏን ባቀረበችበት ቀን አንድ ፈታኝ፣ ስክሪን በማይመረትበት አገር ይህ ለማን እንደሚጠቅም ጠየቋት።

«ማን እንደሚገዛው አላጠናሁም» አለች። «ለምን እንደሚበላሽ አጠናሁ፤ አገኘሁትም።»

አለፈች። ለዶክትሬት ስታመለክት ለአገር የሚሆን ርዕስ እንድትመርጥ ተነግሯት ማመልከቻዋ ተመለሰ። በዓመቱ ያንኑ ርዕስ፣ አንድ ቃል ሳትቀይር፣ መልሳ አስገባች። በ2004 ዓ.ም. ተቀበሏት፤ የመሐል ሜዳ ተማሪዎቿን ተሰናብታ ሄደች። የሰማያዊው ሦስት ቀን ሦስት ሳምንት የሆነው እዚያ ነው። እሷ ግን አሁንም አነሰ ትላለች።