ትርባ ላይ የማይሰማው ስልክ

ስልክ ሲጠራ በሰማሁ ቁጥር አሁንም ደሜ ይፈላል።

እኔ አንድ ቤት አልቀመጥም፣ እግሬ አያስችለኝም። ዳንግላ ከወንድሜ፣ ቆሰበር ከልጄ፣ ሲለኝ ደግሞ ገጠር ትርባ ከእህቴ ዘንድ እሰነብታለሁ። የልጅ ልጄም ይህን ስለምታውቅ፣ "እምዬ፣ የትም ቢሆኑ እንዳይጠፉብን" ብላ ስልክ ገዛችልኝ። አዲስ አበባ ተቀምጣ የሞባይል የውስጥ ዕቃ ትነድፋለች፤ ስልኩም የእነሱው ድርጅት ያወጣው ነው። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ዞርኩ።

ባለፈው ክረምት ትርባ ሳለሁ ወንድሜ ዳንግላ ላይ አረፈ። ቀኑን ሙሉ ሲደውሉልኝ ዋሉ አሉ። የጎረቤቶቻችን ስልክ እዚያው አጥር ሥር ይጠራል፣ የኔው ጭጭ። እህቴ ስልክ የላትም። መርዶውን የነገረኝ ከገበያ የተመለሰ ሰው ነው። ስደርስ ወንድሜ አፈር ለብሷል። ሚስቱ ቀና ብላ አየችኝና፣ "አሁን መጡ?" አለች።

የልጅ ልጄ ለአርባው ስትመጣ ስልኩን ፊቷ አስቀመጥኩት።

"ይህ ምን ሆኖ ነው?"

ነካካችውና ፊቷ ተለወጠ። "አልተበላሸም እምዬ። ስልክ ውስጥ እንደ ወንፊት ያለ ማጣሪያ አለ። አየሩ በስንቱ ሞገድ የተሞላ ነው፤ ማጣሪያው የሚፈልገውን ያሳልፋል፣ የቀረውን ያስቀራል። ለየሞገዱ የየራሱ ማጣሪያ አለው። ትርባ ያለው የኔትወርክ ምሰሶ ለሚልከው ሞገድ ግን እዚህ ስልክ ውስጥ ማጣሪያ የለም።"

"ማጣሪያውን ማን አስቀረው?"

"የስልኩን ውስጥ የነደፍኩት እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ። "ቦታ ያጣብባል፣ ዋጋ ያስወድዳል፣ አውጡት አሉን አለቆቻችን። ያ ሞገድ ራቅ ላለው ገጠር ነው፤ ገጠሬው ምን ያደርግለታል ተባለ።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ምንም።"

ልጅ ተቆጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጮህኩባት። ገጠሬው ወንድም የለውም? ወንፊት ያጣ ቤት እንኳ ከጎረቤት ይዋሳል፤ እኔ ከማን ልዋስ?

"ነይ፣ ለእሷም ንገሪያት" ብዬ የወንድሜ ሚስት ፊት አቆምኳት።

ሚስቱ እስከ መጨረሻው ሰማች። "እኔ ደግሞ የእርስዎን እግር ስወቅስ ከረምኩ" አለችኝና ወደ ልጅቷ ዞረች። "አሁን የምትሠሪው ስልክ ላይስ ማጣሪያው አለበት?"

የልጅ ልጄ መሬት መሬት አየች። "ከእሱም አውጡት ብለውናል።"

ስልኩን ከአንገቴ ፈትቼ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩት።

"ትርባ ላይ የሚሰማ ስትሠሪ ታመጪልኛለሽ።"

እስካሁን አላመጣችም። ከየቤቱ ስወጣ የምሄድበትን ለቤቱም ለጎረቤቱም ነግሬ ነው የምወጣው።