ተከላካዩን ማን መለሰው?

ባለፈው ሳምንት ልጄን ለጓደኛዋ ልደት ካሊፎርኒያ፣ ዳብሊን ከተማ ውስጥ ወደሚገኝ የበረዶ ሸርተቴ ሜዳ ወሰድኳት። በሩ ሲከፈት የእርጥብ ጎማ፣ ላብ የጠጣ ጓንትና የቀዝቃዛ ብረት ሽታ ፊቴን መታኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ልጅነቱ ትዝ ብሎት ፈገግ ይል ይሆናል። እኔ ግን ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነው። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አልበረደልኝም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ አባቴ ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ቤታችን ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ብቻዬን እንዳልውል ብሎ መሀል ከተማ ካለው የበረዶ ሜዳ አስመዘገበኝ። እሱን የመሰለው በረዶ ላይ መደነስ ነበር፤ እኔ ሆኪ የሚጫወቱትን ልጆች አይቼ ዳንሱን ተውኩት። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሴት ልጅህ ዱላ ይዛ ከወንዶች ጋር ስትጋፋ ዝም ትላለህ ወይ ብለው ወቀሱት። አባቴ በወጣትነቱ የሰፈሩ እግር ኳስ ቡድን ተከላካይ ስለነበር፣ እኔም ተከላካይ መሆኔን ሲሰማ ለወቃሾቹ መልስ መስጠቱን ተወ።

አሰልጣኛችን ካናዳዊ ነበር፤ ምሥራቅ በኩል ባለ ከተማ ለአንድ ትልቅ ቡድን ብዙ ዓመት በተከላካይነት የተጫወተ ግዙፍ ሰው። ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ ጣቶቹ ቀጥ አይሉም። በረዶው ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው። አጥቂው ፓክ የምንላትን ጥቁር ጎማ ወዴት እንደሚልካት ቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ሳይቸኩል ይደርስባታል። «እሷን አትዪ፤ የሰውየውን ደረት እዪ» ይለኝ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። የቡድኑ አለቆች ግን ይህን ሁሉ ችሎታ ትተው ቁመናውን ብቻ አይተው፣ በሆኪ ቡጢም የጨዋታው አካል ነውና፣ ተደባደብ አሉት። እምቢ ቢል ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ተጫዋች ነበር። ተደባደበ።

በውድድር ዓመታችን መዝጊያ ዕለት፣ የድሮ ቡድኑ ተወካይ ሊያከብረው መጥቷል ተባለ። ወላጆች ከሜዳው ጎን ባለው ክፍል ተሰበሰቡ፤ ኬክ ቀረበ፤ ቴሌቪዥን ተገፍቶ ገባ። ተወካዩ ቪዲዮ ከፈተ። ቡጢ፣ ደም፣ የተቀደደ ማሊያ፣ ደግሞ ቡጢ። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ካዳነው ግብ አንድም አልታየም። መጨረሻ ላይ በጭንቅላቱ በረዶው ላይ ሲወድቅ ታየ። ተነሣና እየተንገዳገደ ወደ ተቃራኒው ቡድን መቀመጫ ሄደ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ተወካዩ የራሱን ሰዎች እንኳ መለየት አቅቶት ነበር ብሎ አብራራው። አሰልጣኜም አብሮ ሳቀ። አንጀቴን የቆረጠው የእሱ ሳቅ ነው።

አባቴ አልሳቀም። ተነሥቶ ሄደና ቴሌቪዥኑን አጠፋው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ አማርኛ ብሰማም የምመልሰው በእንግሊዝኛ ነበርና፣ እንግሊዝኛ ለሚቸግረው አባቴ ማስተርጎም ለእኔ አዲስ አልነበረም።

«በዪ ልጄ፣ ጠይቂልኝ» አለ። «ይህን ሰው ያን ዕለት ወደ ጨዋታው የመለሰው ማን ነው?»

ጠየቅሁ። ተወካዩ በኩራት፣ ራሱ ተመለሰ፣ እሱ እኮ ብረት ነው አለ።

«የቡድኑ ሐኪም ነው» አለ አሰልጣኜ ቀስ ብሎ። «ስንት ጣት ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ተሳሳትኩ። ቀርበሃል፣ ይበቃል አለኝ።»

አንድ ሰው እንኳ ስለዚያ ሐኪም አልጠየቀም። ከወላጆቹ አንዷ ኬኩን መቁረጥ ጀመረች። በማግስቱ የሜዳው ሥራ አስኪያጅ ደውሎ አባትሽ እንግዳችንን አስቀይሟል አለኝ። ነውረኛው አባቴ ሆነ ማለት ነው!

በቀጣዩ ዓመት አሰልጣኜ ስማችንን ማደናገር ጀመረ። ያሠራንን ልምምድ ደግሞ ያሠራናል፤ የመኪናውን ቁልፍ እጁ ይዞ ይፈልጋል። ታዲያ ማን ቢያባርረው ጥሩ ነው? ያን ቪዲዮ እያዩ እንባቸው እስኪፈስ የሳቁት ወላጆች። ለልጆቻችን ደኅንነት ያሰጋል ብለው ተፈራረሙበት። ጭንቅላቱ ሲመታ መዝናኛቸው ነበር፤ ጉዳቱ ሲወጣ ግን አስጠላቸው። ዕቃውን ጭኖ ካናዳ እህቱ ዘንድ ሄደ። አባቴ ዕቃ ሲያግዘው ዋለ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩ። እህቱ አንሥታ፣ እሱ አሁን ሰው እንደማይለይ፣ የሰው ድምፅ መስማት ግን እንደሚወድ ነግራኝ አገናኘችኝ። ስሜን ነገርኩት፤ ኦክላንድን፣ ሜዳውን ነገርኩት። በትሕትና፣ «መሽቷል እኮ፤ ወደ ቤት የሚወስድሽ ሰው አለ?» አለኝ።

በምኖርበት ፍሪሞንት ከተማ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ቆሜያለሁ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል።

«አዎ ኮች፣ አባቴ እየመጣ ነው» አልኩት።

«ጥሩ» አለኝ። «እስኪመጣ አብሬሽ እቆያለሁ።»