እሙዬ ያስማረቻት አንበሳ

እሙዬን ያወቅኳት ጋምቤላ ውስጥ አቦቦ ለማስተማር ተመድቤ በሄድኩ ጊዜ ነው። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። እሙዬ ምላሷ ምላጭ ነው፤ ሰፋሪው ሁሉ ይፈራታል። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ስትመጣ የያዘቻቸው ሁለት ልጆች በመጠለያው ሞተውባታል። ስለ እነሱ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። ባሏ ከተማ የሚባል የድሮ ሚሊሺያ ነው፤ ዝምተኛ ሰው፤ ሦስት ልጆች ወልዳለታለች።

ያን ዓመት ከገንዲ በሽታ የተረፈውን ከብት አንበሳ ይጨርሰው ጀመር። ሰፋሪው ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ ጫካው ጥግ ለመጣል ተስማማ። እሙዬ ብቻ እምቢ አለች። ለጣሪያ ሣር ስታጭድ ቁጥቋጦ ውስጥ ሦስት ደቦሎች አይታ ነበር፤ ዓይናቸው ገና የተገለጠ። እናትየዋ ለአደን ስትወጣ ትደብቃቸዋለች፤ ሽታቸው እንዳይታወቅ ደግሞ በየጥቂት ቀኑ አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ቦታ ትቀይርላቸዋለች። እሙዬ ይህን ሁሉ ከሩቅ ስታይ ከርማለች። የራሴን ካላዳንኩ የአውሬም ቢሆን ይዳን ብላ ይሆን፣ እንጃ። ብቻ እነዚያ ደቦሎች እንዲያድጉ የፈለገችውን ያህል ሌላ ነገር ስትፈልግ አላየኋትም።

ስብሰባው ላይ ተነሣች። "መርዝ እናትን ከሌላው አይለይም። ወንዱን ግደሉት፤ ከብቱ አጠገብ ያለው ዳና የሱ ነው። ደግሞ ምን ይሠራል? ጫካ ውስጥ ሴቷ ታድናለች፣ እሱ ቀድሞ ይበላል። የናንተው ቢጤ ነው።"

ወንዶቹ ሳቁና ተስማሙ። እንዲተኩስ የታዘዘው ኦቻን ግን አልሳቀም። ኦቻን የጋምቤላ ፓርክ ስካውት፣ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነው፤ እዚያው አቦቦ የተወለደ አኙዋክ።

"ወንዱ ዝም ብሎ አይተኛም፣ እሙዬ" አላት። "እሱ ጠባቂ ነው።"

"ከምን ነው የሚጠብቀው? አንበሳን ማን ይደፍራል?"

ኦቻን ወንዱ ይጠብቃል ሲሉ ከአያቱ ሰማ እንጂ ከምን እንደሚጠብቅ አይቶ አያውቅም። መርዝ ከሚጣል ይሻላል ብሎ ያን ባለ ጥቁር ጎፈር ወንድ በጥይት ጣለው።

እውነትም ከብቱ አረፈ። ደቦሎቹ በእናታቸው ጭራ ሲጫወቱ አየሁ ብላ እሙዬ ስትነግረኝ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር።

በጋው ገፍቶ የአልዌሮ ወንዝ ውሃ ሲጎድል ሁለት ባዕድ ወንድ አንበሶች ወንዙን ተሻገሩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ባለቤቱ ደግሞ በኦቻን ጥይት ወድቋል። ኦቻን ደቦሎቹን ሞተው አገኛቸው። ሦስቱም ተነክሰዋል፤ አልተበሉም።

"አባት ሲሞት ሌላ ወንድ መጣ" አላት። "የድሮውን ልጆች ገደለ። አሁን እናት ለሱ ትወልዳለች።"

እሙዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። "እኔ ነኝ ያስገደልኳቸው" አለች።

እናቲቱ አንበሳ ስትጣራ ሰነበተች። ድምፅዋ እስከ ትምህርት ቤቱ ይሰማ ነበር። ግሣት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ለስለስ ያለ የልጅ መጥሪያ ነው፣ አንጀት ይበላል። ከዚያ ዝም አለች፤ ኦቻንም ዳናዋን ከሁለቱ ወንዶች ዳና ጋር አገኘው።

ወሬው ሲሰማ የሰፈራው ወንዶች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንበሳዋን ይረግሟት ጀመር። ልጆቿን ከገደሉባት ጋር ተኛች፣ ድሮስ ሴት ምን ይታመናል ተባለ። ከተማም ራሱን ነቀነቀ።

"ምን ዓይነት እናት ናት?" አለ።

እሙዬ ውሃ ቀድታ ስታልፍ ሰማችው። ጀሪካኑን አወረደች።

"ከተማ፣ ከገበያ መሀል በሰደፍ እየገፋህ ከነልጆቼ መኪና ላይ የጫንከኝ አንተ አይደለህም?" አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ልጆቼ ሲሞቱ የመጠለያው እህል በማን እጅ ነበር? ሌላ ወዴት ልሂድ? ሦስት ወለድኩልህ። እኔስ ምን ዓይነት እናት ነኝ?"

ከተማ መሬት መሬቱን አየ። እሷ ጀሪካኑን አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ማታም ራቱን አቀረበችለት።